ከማን?

ማክሰኞ ምሽት ነው፣ ሳስካቱን ከተማ፣
ቅዝቃዜው ሲናገር በመስኮት ሲሰማ፣
ዘጠኝ ሆነን ገባን፣ ከምድር ቤት ክፍል፤
«ዛሬ የምንማረው የሚያድግ ቅጽል»
ብላ ሚስ ኦክሳና ኮቷን ሳታወልቅ ገና፣
በአረንጓዴ ማርከር ሦስት ዓምድ ሠራችና፣
«ኮልድ» አለች፣ መስኮቱን በክርኗ አሳየች፤
«ኮልደር» አለች፣ ጥር ላይ ጣቷን አኖረች፤
ለ«ኮልደስት» ገና ምሳሌ ስትፈልግ፣
ሁላችን «ትናንት!» ብለን አልን ብድግ።

ቀጠለች፦ «ጉድ፣ ቤተር፣ ቤስት።»
እኔ ሆዬ ሳቄን በመሐረብ አፈንኩት።
ጉድ እኮ እኛ ዘንድ በር ተዘግቶ፣
የሚወራ ነገር ነው፣ ጆሮ ለጆሮ ተጠግቶ!
ቤስትም የሚያስታውሰኝ የገዛ ኪሴን ነው፣
ቤሳ ቤስቲን ያጣ፣ ከወሩ በፊት የሚያልቀው።

የኛ ቃል አይለወጥም። ረጅም ረጅም ነው፤
ሌላ ሰው ሲመጣ «ከ» ነው የሚለየው።
ከእሱ እሷ ትረዝማለች፦ ግሡ አልተነካም፣
ሸክሙ በ«ከ» ጫንቃ ነው፣ ቅጽሉ አይደክምም።
የነሱ ግን ቃሉ ራሱ ጅራት ያበቅላል፣
ሁለተኛ ሰው ባይኖርም ብቻውን ይበልጣል።
«ታለር» ይላል፣ ዝም። ከማን? አይጠየቅም፤
የጎደለውን ሰው የሚጠራ የለም።
ረጅም ቃል ደግሞ ጅራት አይችልም አሉ፤
«ሞር» የሚባል አጋፋሪ ያስቀድማል፣ እንደ ባለማዕረግ ሁሉ።

በመጨረሻ፣ «ስማችሁ ትርጉሙ ምንድን ነው?» አለች።
ሮጀሊዮ የአያቱ ነው፤ ናው ፖ አበባ ነች።
እኔ ጋ ደረሰ። ተነሣሁ። «ትብለጥ።»
ምን ብዬ ልተርጉመው? ምላሴ ሲያላምጥ፣ ሲያላምጥ፣
«ሌት ሀር ቢ ሞር» አልኩ። ማርከሯን ዘግታ፣
«ሞር ዛን ሁ?» አለችኝ፣ ወደ እኔ ተጠግታ።

ከማን?
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ተሸክሜ፣
«ከ» እንደሌለው ሳላውቅ ስጠራ፣ ስፈርም በስሜ!

በነጋታው ደወልኩ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ለአባቴ።
«ትብለጥ ስትለኝ ከማን ነው?» አልኩት፣ ሳይቀድም ሰላምታዬ።
ሳቀ። ሳሉ እስኪነሣ ሳቀና፣ ጀመር፦
«ማንም እስከ ዛሬ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር።
ያኔ በአንድ ሳምንት፣ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ፣
ያ እጅጉ ሲንጠባረር ሴት ልጅን ወልዶ፣
በላይነሽ ብሎ ቢጠራት በጧት፣
ትብለጥ አልኩሽ ማታውን፣ በላዩ ልወጣበት!»

ይኸው ነው ምሥጢሩ። የአጥር ሙግት ነበርኩ።
«በላይነሽስ?» ብዬ ስለ እሷ ጠየቅኩ።
«ደኅና ናት፤ ዳኛ ሆነች፤ ለዓመት በዓል ብቅ ትላለች፣
እንዲያውም ካንቺ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ታየኛለች…»
አለና ቃሉን ዋጠው። ስለ ጥርሱ አወራኝ።
ስለ ጥርሱ ስሰማ አውቶቡሱ አመለጠኝ።

ሐሙስ፣ ከዓይን ሐኪም። አገጬን ብረት ላይ አሳርፌ፣
ፊደል ለማንበብ ተዘጋጅቷል አፌ።
መስታወት ይቀይራል። ቀጭ! «ዋን?» ቀጭ! «ቱ?»
«ቤተር?» ይላል ብቻ፣ «ከ»ን ጥሎ ከቤቱ።
ቀጭ! ቀጭ! ሁለቱም ፊደል ይታየኛል፤
አንደኛው ጠቆር፣ ሁለተኛው ቀለል ይለኛል።
ከሦስቱ ዓምድ በአንዱም ውስጥ ያልተጻፈ፣
አንድ ቃል ሳላስበው ከከንፈሬ አለፈ፦
«ሴም።»
«ጉድ!» አለ ሐኪሙ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፈ።
«ጉድ ነው እንጂ!» አልኩት።
የተግባባን መሰለው።

ለማክሰኞ የቤት ሥራ በ«ዛን» አንድ ዓረፍተ ነገር።
«ሳስካቱን ኢዝ ኮልደር…» ብዬ ጀመርኩ፣ ሰረዝኩ፤
«ማይ ሹዝ አር ኦልደር…» ብዬ ጀመርኩ፣ ሰረዝኩ፤
በአዲሱ መነጽር፣ በስተመጨረሻ፣
«በላይነሽ ቪዚትስ ማይ ፋዘር ሞር ኦፍን ዛን ሚ» ብዬ ጻፍኩ።
ሰዋስዉ ልክ ነው።
ኦክሳና ከጎኑ ኮከብ ሠራችበት፣
በዚያው በአረንጓዴው ማርከር።